የቡድን ጠረጴዛ ቴኒስ በትንበያ ገበያ፦ ዋጋውን ከምን ተነስታችሁ ታወጣላችሁ?

ጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። የክለባችን ልጆች በቴሌግራም የትንበያ ገበያ ይጫወታሉ፤ ብር የለበትም። ለአንድ ሰው 500 ነጥብ ይሰጠዋል፣ «ቻይና ጃፓንን ታሸንፋለች» የሚል ጥያቄ ይወጣል፣ ሰዉ «አዎ» ወይም «አይ» የሚል ድርሻ ይገዛል። የገዛው ነገር ከሆነ ድርሻው 1 ነጥብ ይከፍላል፤ ካልሆነ ተቃጠለ። ድርሻው በ60 ሳንቲም (በ0.60 ነጥብ) የሚሸጥ ከሆነ ገበያው 60 በመቶ ዕድል ሰጥቶታል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ገብቶታል።

የሚያጣላን ሌላ ነው። አንደኛ፣ ሰዉ የሚገምተው በአገር ስም ነው። «ቻይና ናት እኮ» ብሎ 97 ሳንቲም ይከፍላል። ሁለተኛ፣ የተጫዋቾች አሰላለፍ ሲወጣ ዋጋው በአንዴ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሳንቲም ይዘላል፤ መዝለሉ ልክ ነው ወይስ ድንጋጤ? ሦስተኛ፣ እነ ፖሊማርኬትና ካልሺ (በገንዘብ የሚሠሩ የውጭ የትንበያ ገበያ ገጾች) ላይ የሚታየውን ዋጋ እንደ ልክ መያዝ ይቻላል? አራተኛ፣ ፍልሚያው ቢተላለፍ ወይም ቢቋረጥ ማን ይከፈለዋል? በቁጥር የሚያስረዳ ቢገኝ ደስ ይለኛል።


ባለራኬት (ባሕር ዳር)

ጮቄ፣ መጀመሪያ አጠራራችንን እናስተካክል፤ አለዚያ መግባባት አንችልም። ሁለት አገር የሚገናኙበትን ሙሉውን «ፍልሚያ»፣ በውስጡ ያሉትን የአንድ ለአንድ ጨዋታዎች «ግጥሚያ»፣ እስከ 11 ነጥብ የሚሄደውን «ጌም» እላለሁ።

በዓለም የቡድን ሻምፒዮና አንድ ቡድን ለአንድ ፍልሚያ ሦስት ሰው ያሰልፋል። አንዱ ወገን ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይባላል፤ ሌላው ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ። የቱን ፊደል እንደሚይዝ ዕጣ የወጣለት ወገን ይመርጣል፣ ከዚያ የቡድን መሪዎቹ ለየተጫዋቹ ፊደል ሰጥተው ለዳኛው ያስገባሉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1ኛ፦ ኤ ከኤክስ
2ኛ፦ ቢ ከዋይ
3ኛ፦ ሲ ከዜድ
4ኛ፦ ኤ ከዋይ
5ኛ፦ ቢ ከኤክስ

ግጥሚያው ከአምስት ጌም ሦስት ላሸነፈ ነው። ሦስት ግጥሚያ የወሰደ ቡድን ፍልሚያውን ወሰደ፤ የቀረው አይካሄድም። ስለዚህ «ቻይና ናት እኮ» የሚለው ሰው ለአምስት የተለያዩ ጥያቄዎች አንድ መልስ እየሰጠ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለአምስቱም ግጥሚያ የየራሱን ዕድል ጻፍ። ለምሳሌ የእኛ ቡድን ኤ፣ ቢ፣ ሲን ይዞ 1ኛውን 70፣ 2ኛውን 55፣ 3ኛውን 40፣ 4ኛውን 75፣ 5ኛውን 45 በመቶ የማሸነፍ ዕድል አለው እንበል።

3 ለ 0 ለማሸነፍ የመጀመሪያዎቹን ሦስት በተከታታይ መውሰድ አለበት፦ 0.70 × 0.55 × 0.40 = 0.154።

3 ለ 1 ለማሸነፍ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ልክ ሁለቱን ወስዶ 4ኛውንም ማሸነፍ አለበት። ልክ ሁለት የሚወስድባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፦ ሲ ብቻ ቢሸነፍ 0.231፣ ቢ ብቻ ቢሸነፍ 0.126፣ ኤ ብቻ ቢሸነፍ 0.066። ድምሩ 0.423። በ0.75 ሲባዛ 0.317።

3 ለ 2 ሁለት መንገድ አለው። ወይ 2 ለ 1 መርቶ 4ኛውን ተሸንፎ 5ኛውን ያሸንፋል (0.423 × 0.25 × 0.45 = 0.048)፣ ወይ 1 ለ 2 ተመርቶ የመጨረሻዎቹን ሁለቱንም ያሸንፋል። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንድ ብቻ የመውሰድ ዕድሉ 0.342 ስለሆነ 0.342 × 0.75 × 0.45 = 0.115። ድምሩ 0.163።

ሦስቱን ስትደምር 0.634። የ«አዎ» ድርሻ ተገቢ ዋጋ 63 ሳንቲም ነው። ከሂሳቡ በኋላ የሽንፈቱን ወገንም አውጣና (0 ለ 3፦ 0.081፣ 1 ለ 3፦ 0.0855፣ 2 ለ 3፦ 0.199) ሁሉም ተደምሮ 1 መሙላቱን አረጋግጥ። ካልሞላ አንድ መንገድ ረስተሃል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው «1 ለ 2 ተመርቶ ማሸነፍ» የሚለውን ነው።

ስለ ትልልቆቹ ቡድኖች ደግሞ። የጠረጴዛ ቴኒስ አቆጣጠር ትንሽን ብልጫ ደረጃ በደረጃ ያገዝፋል። ከእያንዳንዱ 100 ነጥብ 52ቱን የሚያሸንፍ ተጫዋች ጌሙን 57 በመቶ ገደማ፣ ግጥሚያውን 63 በመቶ ያሸንፋል፤ አምስቱንም ግጥሚያ በ63 በመቶ የሚገባ ቡድን ደግሞ ፍልሚያውን 73 በመቶ ይወስዳል። ቻይና ከላይ የተቀመጠችው ለዚህ ነው፦ የወንዶቹን የዓለም ቡድን ሻምፒዮና ከ2001 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ሌላ አገር አልነካውም። ሴቶቹ በ2010 ሞስኮ ላይ በሲንጋፖር ተሸንፈው ከ2012 ጀምሮ መልሰው ይዘውታል።

ያም ሆኖ 97 ሳንቲም መክፈል ሌላ ነገር ነው። አምስቱም ግጥሚያ 85 በመቶ ከሆነ ፍልሚያው 97.3 ይመጣል፤ 80 በመቶ ከሆነ ግን 94.2 ነው። የአንድ ተጫዋች ዕድል ግምት በአምስት መቶኛ ቢሳሳት ትርፍህ ሁሉ ሄደ ማለት ነው። በ2024 የቡድን ሻምፒዮና ቡሳን (ደቡብ ኮሪያ) ላይ የሆነውን ተመልከት። በምድብ ጨዋታ የህንድ ሴቶች አይሂካ ሙከርጂ ሱን ዪንግሻን፣ ስሪጃ አኩላ ዋንግ ዪዲን አሸንፈው ቻይና 3 ለ 2 ነው ያመለጠችው። በወንዶች ግማሽ ፍጻሜ ደቡብ ኮሪያ፣ በሴቶች ፍጻሜ ጃፓን እስከ አምስተኛው ግጥሚያ ወስደዋታል። ሦስቱንም አሸነፈች፤ ግን በእነዚያ ፍልሚያዎች መሃል ድርሻው 97 አይገባውም ነበር።


ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

የባለራኬት ሂሳብ ልክ ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ነጥብ የሚባክነው እዚያ ላይ ነው።

አሰላለፍ ሲወጣ ሁለት ዓይነት ለውጥ አለ፤ ሰዉ ግን አንድ አድርጎ ነው የሚደነግጠው።

የመጀመሪያው ኤክስና ዋይ ቦታ ሲለዋወጡ ነው። «ዋናውን ተጫዋች ዋይ አድርገውታል፣ ሊያስቆሙን ነው» እየተባለ ዋጋው ይንቀሳቀሳል። እዚህ ላይ ረጋ በል። ኤና ቢ በየትኛውም አሰላለፍ ኤክስንም ዋይንም ነው የሚገጥሙት። የሚለወጠው ማን መቼ ከማን እንደሚገናኝ ብቻ ነው። ከአምስት ሦስት የሚያሸንፍ ደግሞ በየትኛውም ቅደም ተከተል ያው ከአምስት ሦስት ነው። የማሸነፍ ዕድሉ በአንዲት ሳንቲም አይነቃነቅም። የሚለወጠው የልክ ውጤት ገበያ (3 ለ 0፣ 3 ለ 1፣ 3 ለ 2) እና በጨዋታው መሃል የሚታየው የዋጋ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ሲ ወይም ዜድ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሲለወጥ ነው። ይሄኛው እውነተኛ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጫወተውንና ሁለት ጊዜ የሚጫወተውን ይወስናል። በባለራኬት ምሳሌ ዋናው ተጫዋች ሲ ሆኖ ቢወርድና ደካማው ኤ ቢሆን፣ ዋናው ዜድን 85 በመቶ ያሸንፍ፣ ደካማው ኤክስን 25፣ ዋይን 30 በመቶ ያሸንፍ እንበል። ቢ እንዳለ ነው። ሂሳቡን ስትሠራው 63 የነበረው 45 ይሆናል። አሥራ ስምንት ሳንቲም መዝለሉ እንግዲህ ድንጋጤ አይደለም።

አንድ ቡድን ለውድድሩ እስከ አምስት ተጫዋች ስለሚያስመዘግብ፣ ለፍልሚያው ሦስቱ የትኞቹ እንደሆኑ ማየትም ያው ነው። በምድብ ጨዋታ ትልልቅ ቡድኖች ዋናቸውን ያሳርፋሉ። የምድብ ዋጋን ከፍጻሜ ዋጋ ጋር አታወዳድር።

በጨዋታው መሃል ለምትገበያዩ፦ በባለራኬት የመጀመሪያ ምሳሌ ኤ 1ኛውን ካሸነፈ 63 የነበረው 75 ይሆናል፤ ከተሸነፈ 36 ይወርዳል። ሰዉ ግን ዋናው ተጫዋች ሲሸነፍ ወደ 25 ያወርደዋል። ኤ እንደገና በ4ኛው እንደሚመለስ ይረሳል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ፍልሚያው ሳይጀመር አስልቶ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ነው፤ መሃል ላይ ለማስላት ጊዜ የለም። ስርጭቱ ከአዳራሹ ወደኋላ ይቀራል፣ የኛ ኔት ደግሞ ከስርጭቱ ወደኋላ ይቀራል።


ሒሳብ ወዳድ (እንጅባራ)

ባለራኬት አምስቱ ግጥሚያዎች እርስ በርስ የማይነካኩ አድርጎ ነው ያባዛው። እውነቱ ግን ይነካካሉ፤ ጥያቄው ምን ያህል የሚለው ነው።

ኤ ብቻውን የቀን ሁኔታ ቢኖረው (ግማሹን ቀን ዕድሉ በ10 መቶኛ የተሻለ፣ ግማሹን በ10 መቶኛ የባሰ) ጠቅላላው ከ63.4 ወደ 63.5 ነው የሚሄደው። ምንም አይደለም። ሦስቱም አብረው ጥሩ ቀን ወይም መጥፎ ቀን ቢኖራቸው ግን (ጉዞ፣ የአዳራሹ ሙቀት፣ የጠረጴዛውና የኳሱ ዓይነት ሁሉንም አንድ ላይ ሲነካ) ማሸነፉ ወደ 62.4 ይወርዳል፣ 3 ለ 0 ከ15.4 ወደ 17፣ 0 ለ 3 ከ8.1 ወደ 9.5 ይወጣል። ወደ አምስተኛው ግጥሚያ የመድረስ ዕድሉ ከ36 ወደ 33 ይወርዳል። ስለዚህ «ማን ያሸንፋል» ላይ ተራው ብዜት ይበቃል። የልክ ውጤት ገበያ ላይ ግን 3 ለ 2ን በተራው ብዜት ከገዛህ ትንሽ ውድ ነው የምትገዛው።

ይልቅ ከባዱ ነገር 70 እና 55 የሚሉት ቁጥሮች ከየት ይምጡ የሚለው ነው። ሦስት ነገር ልበል።

የዓለም ደረጃ ዝርዝር በ12 ወር ውስጥ ከተገኙት ውጤቶች ምርጥ ስምንቱን ነው የሚደምረው። ብዙ የተጓዘን ይሸልማል፣ የቀረን ይቀጣል። ፋን ዠንዶንግና ቼን ሜንግ፣ ሁለቱም የፓሪስ 2024 የነጠላ ኦሎምፒክ ሻምፒዮኖች፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ (እንደ ፈረንጆቹ) ከዝርዝሩ ወጥተዋል። ከዝርዝሩ የወጣ ሰው ችሎታው ወደቀ ማለት አይደለም።

የእርስ በርስ ታሪክ ትንሽ ነው። አራት ጊዜ ተገናኝተው ሦስቱን ያሸነፈ ሰው 75 በመቶ አይደለም። ሁለት ድልና ሁለት ሽንፈት ጨምረህ አስላ፦ (3 + 2) ÷ (4 + 4) = 62.5። ደረጃቸው በጣም የሚራራቅ ከሆነ ደግሞ የምትጨምረው ሁለት ለሁለት ሳይሆን ሦስት ለአንድ ይሁን።

የራኬቱ ጎማ። አይሂካ ሱን ዪንግሻን ስታሸንፍ በባክሃንድ (በእጅ ጀርባ) በኩል የነበረው ተራው ለስላሳ ጎማ አልነበረም፤ ሽክርክሪትን የሚገድል ነው። እንዲህ ያለ ተጫዋች ከእሱ ጋር ባልለመደ ሰው ላይ ከደረጃው በላይ ነው፣ ከለመደው ጋር ግን ከደረጃው በታች ይሆናል። የዓለም ደረጃ ይህን አያሳይም። ግራኝ መሆንም እንዲሁ፣ ግን በመጠኑ። የትኞቹ ተጫዋቾች እንዲህ ያለ ጎማ እንደሚይዙ አስቀድማችሁ ዘርዝራችሁ ብትይዙ ከማንኛውም የደረጃ ሠንጠረዥ የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ራኬት ካነሳሁ አይቀር፦ ፓሪስ 2024 ላይ የቻይናው ዋንግ ቹቺን የድብልቅ ድርብ (ወንድና ሴት ጥንድ ሆነው የሚጫወቱበት) ፍጻሜን ካሸነፈ በኋላ ፎቶ አንሺዎች ራኬቱን ሰበሩበት፤ በነጠላ በ32ቱ ዙር በስዊድኑ ትሩልስ ሞሬጎርድ 4 ለ 2 ተሸነፈ። ሰበቡ እሱ ነው ለማለት አይቻልም፤ ራሱም ሰበብ አላደረገውም። ዋጋ ለሚያወጣ ሰው ግን ከግጥሚያው በፊት የሚሰማ ዜና ነው።


ጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

እግዜር ይስጥልን፣ ሦስታችሁም። ዳሞት፣ የኤክስና ዋይ ነገር ብዙ ጭቅጭቅ አበረደልን። ሦስተኛው ጥያቄ ቀረ፦ የውጭዎቹን ዋጋ ልክ አድርጎ መያዝ። ደግሞ አንዳንዶቹ «ለምን በነጥብ? በዶላር አንገባም?» እያሉ ነው።


የገበያ ሰው (ቡሬ)

በዶላሩ ልጀምር፣ አጭር ነው። ፖሊማርኬት የሚሠራው ከዶላር ጋር በተሳሰረ ክሪፕቶ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የክሪፕቶ ግብይት በሕግ እንዳልተፈቀደ አስታውቋል። ገጾቹም ራሳቸው የማያስተናግዷቸውን አገሮች ዝርዝር ያወጣሉ። በቪፒኤን ተደብቆ የገባ ሰው ውላቸውን ጥሷል፣ ሲያሸንፍ ገንዘቡ ቢታገድበት የሚከራከርበት ቦታ የለውም። በነጥብ መጫወታችሁን ቀጥሉ። ከአገር ውጭ ካሉ ሰዎች ጋር መወዳደር ካማራችሁ ማኒፎልድ የሚባለው ገጽ በጨዋታ ገንዘብ ነው የሚሠራው።

ሌላም አለ። ከመካከላችሁ ለፌዴሬሽን የተመዘገበ ተጫዋች፣ አሠልጣኝ ወይም ዳኛ ካለ በራሱ ስፖርት ላይ በገንዘብ መወራረድ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ የኦሎምፒክ ንቅናቄ ደንብ ይከለክላል። አሰላለፍን ከመውጣቱ በፊት አውቆ ለሌላ መንገርም ያው ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። ገጹ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር የምትገዛበት ዋጋ አይደለም። ፖሊማርኬት የሚያሳየው የገዢ ከፍተኛ ዋጋና የሻጭ ዝቅተኛ ዋጋ አማካዩን ነው፤ በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ከ10 ሳንቲም ሲበልጥ ደግሞ መጨረሻ የተሸጠበትን ያሳያል። እዚህ ቡሬ የእህል ነጋዴ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ዋጋ ሁለት እንደሆነው ነው። በእግር ኳስ ልዩነቱ አንድ ሳንቲም ይሆናል። ጠረጴዛ ቴኒስ ላይ ግን ገበያው ቀጭን ነው፤ ገዢ 55፣ ሻጭ 60 ማየት የተለመደ ነው። ገጹ 57 ወይም 58 ይላል፤ አንተ የምትገዛው በ60 ነው። መጨረሻ የተሸጠበት ከሆነ ደግሞ አሰላለፉ ከመውጣቱ በፊት የተሸጠ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ልክ አድርገህ ከመያዝህ በፊት ሦስት ነገር ተመልከት፦ በሁለቱ ዋጋ መሃል ያለውን ልዩነት፣ በዚያ ዋጋ ስንት ድርሻ እንደቀረበ፣ የመጨረሻው ግብይት መቼ እንደሆነ። በ60 የቀረበው 20 ድርሻ ብቻ ከሆነ ያ የአንድ ሰው አስተያየት እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም።

ኮሚሽኑም አለ። ካልሺ አብዛኛውን ገበያውን በዚህ ቀመር ያስከፍላል፦ 0.07 × የድርሻ ብዛት × ዋጋ × (1 − ዋጋ)፣ ወደ ላይ ተጠጋግቶ። በ60 ሳንቲም ሲሆን በድርሻ 1.68 ሳንቲም ነው። ከፍተኛው በ50 ላይ 1.75 ነው። በ95 ግን 0.33 ብቻ።

ይህ ለእናንተ ለምን ይጠቅማል? ነጥብ ስታስቀምጡ መጠኑን ለመወሰን። የታወቀው ቀመር (ግምት − ዋጋ) ÷ (1 − ዋጋ) ነው። ግምትህ 63.4፣ ዋጋው 60 ከሆነ 3.4 ÷ 40 = ከያዝከው ነጥብ 8.5 በመቶ። ኮሚሽን ካለ ዋጋህ 61.68 ሆነ፣ ውጤቱም 4.5 በመቶ፤ ግማሽ ያህሉ ተበላ። ከዚያም ሩቡን ብቻ አስቀምጥ፣ ምክንያቱም 63.4 የሚለው ግምትህ ራሱ በአምስት መቶኛ ሊሳሳት ይችላል። ከ500 ነጥብ አምስት ወይም ስድስት ነጥብ ማለት ነው። ትንሽ መሰለህ? ልጆቹ በአንድ ፍልሚያ 200 ነጥብ አስቀምጠው ወሩን ሙሉ ተመልካች የሚሆኑት ይህን ስለማይሠሩ ነው።


ሒሳብ ወዳድ (እንጅባራ)

ጮቄ፣ አንድ ነገር ልጨምር። በ16ም በ20ም ሰው ቡድን ውስጥ ሻጭና ገዢ ሁልጊዜ አይገናኝም፤ «አይ» የሚሸጥ ሲጠፋ ገበያው ይቆማል። መፍትሔው ሁልጊዜ የሚሸጥ ሠንጠረዥ ማቆም ነው፤ ኤክሴል ይበቃል።

«ለ» የምትባል አንድ ቋሚ ቁጥር ምረጥ፣ 100 ይሁን። የተሸጠውን «አዎ» ብዛት በለ አካፍል፣ የ«አይ»ንም እንዲሁ፤ የሁለቱንም ኤክስፖኔንሻል (በኤክሴል EXP) አውጣና ደምር፤ የድምሩን ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም (LN) በ«ለ» አባዛ። ይህ የገበያው ጠቅላላ ወጪ ነው። አንድ ሰው ሲገዛ የሚከፍለው ከገዛ በኋላ ያለው ወጪ ሲቀነስ ከመግዛቱ በፊት ያለው ነው። ሁለቱም ዜሮ ሆነው አንድ ሰው 50 «አዎ» ቢገዛ 28.1 ነጥብ ይከፍላል፣ ዋጋውም ከ50 ወደ 62 ሳንቲም ይወጣል። በ50 የጀመረ ሠንጠረዥ በአንድ ጥያቄ ሊከስር የሚችለው ቢበዛ ለ × 0.693፣ ማለትም 69 ነጥብ ነው። «ለ»ን 30 ካደረግህ አንድ ገዢ ዋጋውን ያናጋዋል፤ 500 ካደረግህ ማንም አያንቀሳቅሰውም። ለእናንተ ብዛት ከ80 እስከ 120 ደህና ነው።

የሚበላሽበት ቦታ፦ ሠንጠረዡ በ50 ሲጀምርና ፍልሚያው ቻይና ከደካማ ቡድን ሲሆን መጀመሪያ የደረሰ ሰው ርካሹን ሁሉ ይጠርጋል። የፍጥነት ውድድር ሆነ ማለት ነው። «አዎ»ን ከመጀመሪያው የተወሰነ ብዛት እንደተሸጠ አድርገህ ጀምር። «ለ» 100 ሲሆን ከ90 ሳንቲም ለመነሳት 220 ድርሻ አስቀድመህ ሙላ።


ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

አራተኛውን ጥያቄ ማንም አልነካው፤ ክርክር የሚያስነሳው ግን እሱ ነው።

ጥያቄው ሲወጣ አብሮ የሚጻፍ ደንብ መኖር አለበት። ፖሊማርኬት ላይ ውጤት የሚወሰነው አንድ ሰው ዋስትና አስይዞ «ውጤቱ ይህ ነው» ብሎ ሲያቀርብና በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚቃወም ሲጠፋ ነው፤ ከተቃወሙት ውጤቱ እንደገና ይቀርባል፣ ሁለተኛ ጊዜም ከተቃወሙት ወደ ድምፅ ይሄዳል። ሰዎች የሚከራከሩት ግን ስለ ውጤቱ ሳይሆን ስለ ደንቡ አጻጻፍ ነው። ለእናንተ እንዲህ ብላችሁ ብትጽፉ ይበቃል፦

«ውጤቱ የሚወሰነው በዓለም አቀፉ የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን ይፋ ውጤት ነው። ፍልሚያው ቢተላለፍ ጥያቄው እስኪካሄድ ክፍት ይቆያል። ጨርሶ ቢሰረዝ እያንዳንዱ ድርሻ 50 ሳንቲም ይከፈላል። ተጫዋች ተጎድቶ ግጥሚያ ቢያቋርጥ ወይም ቡድን ባለመቅረቡ ቢሸነፍ በይፋ ውጤቱ ይታያል። የኋላ ቅጣት ወይም የውጤት ለውጥ ክፍያውን አይቀይርም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዋት። ሌላው ደግሞ የጥያቄው ቃል ነው፦ «ቻይና ታሸንፋለች» ሲባል የወንዶቹ ነው የሴቶቹ? የቱ ዙር? ሁለቱም ቡድኖች በአንድ ቀን የሚጫወቱበት ጊዜ ስላለ ያለዚህ መጣላት አይቀርም።


ጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

ደንቡን እንዳለ ገልብጬዋለሁ። አንዲት ጥያቄ ቀረች፦ ይህ ሁሉ ሂሳብ ለድብልቅ ቡድን የዓለም ዋንጫም ይሠራል? ለኦሎምፒክስ?


ባለራኬት (ባሕር ዳር)

አይሠራም፣ ሁለቱም ሌላ ናቸው።

በፓሪሱ ኦሎምፒክ ፍልሚያው በድርብ (ሁለት ለሁለት) ነበር የሚጀምረው፤ ቢና ሲ ከዋይና ዜድ። ከዚያ ኤ ከኤክስ፣ ሲ ከዜድ፣ ኤ ከዋይ፣ ቢ ከኤክስ። ኤ ድርቡን ስለማይጫወት ሁለት ነጠላ አለው፣ ቢና ሲ ደግሞ አንድ ነጠላና ድርቡን። አምስት ዕድል ማባዛቱ እንዳለ ነው፤ ልዩነቱ አንዱ የድርብ ዕድል መሆኑና ዋናው ተጫዋች የማይነካው መሆኑ ነው። ለድርብ የሁለቱን የነጠላ ደረጃ አማካይ መውሰድ ያሳስታል፤ አብረው ስንት ጊዜ እንደተጫወቱ ይበልጣል። ሎስ አንጀለስ 2028 ላይ ግን የወንዶችና የሴቶች ቡድን ውድድር ወጥቶ ድብልቅ ቡድን ገብቷል።

ቼንግዱ (ቻይና) ከ2023 ጀምሮ የሚካሄደው የድብልቅ ቡድን የዓለም ዋንጫ ጭራሽ የሚቆጥረው ግጥሚያ ሳይሆን ጌም ነው። ድብልቅ ድርብ፣ የሴት ነጠላ፣ የወንድ ነጠላ፣ ከዚያ ድርቦቹ፤ እያንዳንዱ ሦስት ጌም፣ ሦስቱም ይካሄዳሉ፣ መጀመሪያ 8 ጌም የደረሰ ያሸንፋል። 2 ለ 1 መሸነፍ እዚያ አንድ ጌም ያተርፋል፤ እኛ ባሰላነው ግን ምንም አያተርፍም። የሚያስፈልግህ የግጥሚያ ዕድል ሳይሆን የጌም ዕድል ነው። ቀላሉ መንገድ ከ15 ጌም 8 የማሸነፍ ዕድል ማውጣት ነው፤ አማካይ የጌም ዕድሉ 55 ከሆነ ወደ 65 ይመጣል።


የገበያ ሰው (ቡሬ)

ቼንግዱ ካልን ስለ ሰዓት አንድ ነገር። ቼንግዱ ከእኛ አምስት ሰዓት ይቀድማል፤ እዚያ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀምር ፍልሚያ ለእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። የገጾቹ የመዝጊያ ሰዓት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በኒውዮርክ ሰዓት ነው፤ በእነሱ በጋ ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ከእኛ ወደኋላ ነው። የመዝጊያ ቀን ብቻ ከጻፋችሁ የቻይናው ከሰዓት በኋላ፣ የማርቆሱ ቀትር እና የኒውዮርኩ ሌሊት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይሆናሉ። ጥያቄውን «የመጀመሪያው ሰርቭ ሲመታ ይዘጋል» ብላችሁ ዝጉት፣ ከጎኑም የኛን ሰዓት ጻፉበት። ፖሊማርኬትም ስፖርት ላይ ጨዋታው ሲጀምር ተሰቅለው የነበሩትን ትዕዛዞች ይሰርዛል፤ በ55 ሰቅሎ የተኛ ሰው ኤ ከተሸነፈ በኋላ በ55 እንዳይገዛ።